ከሰላምታው በታች

ናይሮቢ አጠገብ
ጥቅምት 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዋጋነሽ፤

ከአገሬ አውጥቶ በደህና ያደረሰኝ ጌታ እርስዎንና እናቴን በያላችሁበት ይጠብቅልኝ። አወጣጤ በጥድፊያ ስለነበር በወጉ ሳልሰናበትዎ ቀርቻለሁ፤ ቅር እንዳይልዎ።

ይህን ደብዳቤ እንደ ልማዳችን ለእናቴ እንዲያነቡላት እለምናለሁ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ደብዳቤ በእርስዎ አፍ ስሰማ ስላደግሁ፣ አሁን ስጽፍ እንኳ በጆሮዬ የሚመጣው የእርስዎ ድምፅ ነው።

የፈረንጆቹ የወንጌል ሥልጠና አምስት ወር ነው። ከአሥራ አንድ አገር የተሰበሰብን አርባ ሦስት ወጣቶች ነን፤ ከኢትዮጵያ አራት። ከእኛ ጋር አንድ ሽማግሌ መጥተዋል፣ አቶ ኃይለመስቀል ይባላሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል ቢናገሩ ነው። ጠዋት በደወል እንነሣለን፣ ጸሎት፣ ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት እየሆንን ወደ መንደር እንወጣለን። ሥዕል በጨርቅ ላይ እየለጠፍን ታሪኩን ለሕፃናት ማስተማር ተምረናል። ምግባቸው የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ቅቤም በርበሬም አያውቀውም። እናቴ ብታየው «ጥጃው የት አለ?» ትላለች። ጉሙና ብርዱ ግን የእኛው የኮልፌ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከሻይ ማሳው በላይ አጠና ተራ የሚታየኝ ይመስለኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ምስክርነት የሚሉት ነው። እያንዳንዳችን እንዴት እንዳደግንና እንዴት እንደተጠራን በሰባት ደቂቃ መናገር አለብን፤ አስተማሪው ሰዓት ይዞ ይቆማል። እኔ ለልምምድ ስናገር አቋርጦ፣ «እናትህን አየኋት፣ አክስትህን አየኋት፤ አባትህ የት አለ?» አለኝ። የምንሞላው ወረቀትም አለ፤ የአባት ስም፣ በሕይወት ካለ አድራሻው፣ ከሞተ የሞተበት ቦታና ዘመን ይላል። ስሙን ቀጄላ ብዬ ጽፌ ሌላውን ባዶ ተውሁት። እኔ የማውቀው ለንግድ ጅማ ሄዶ እንዳልተመለሰ ብቻ ነው። እናቴን መጠየቅ አልደፍርም። እርስዎ እኅቱ ነዎትና የሚያውቁትን ይጻፉልኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ለእናቴ ባያነቡላት ይሻላል።

የወንድምዎ ልጅ
ገሜዳ

—

ኮልፌ
ጥቅምት 29 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለምወድህ ለገሜዳ፤

እኔ የምሳለመው መድኃኔዓለምና አንተ የምትሰብከው ጌታ አንድ ነውና፣ በእርሱ ስም ሰላም እልሃለሁ። እኔና እናትህ ደህና ነን።

ደብዳቤህን ለእናትህ ገበያ ድረስ ወስጄ አነበብሁላት። ጌሾዋን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። የጥጃውን ስትሰማ እስክታነባ ሳቀች፤ አጠገቧ የምትሸጠው እሙ «ምን አላት?» ብላ ስለጠየቀች ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የመጨረሻውን ግን እንዳልኸው ተውሁት።

አሁን እኔ የምለውን ስማ። ሰው አባቱን በሰዓት ተለክቶ የሚናገርበት ነገር ለእኔ አልገባኝም። ፈረንጅ የሞተ ሰው ቦታና ዘመን ምን ያደርግለታል? ወረቀት ከመሙላት በፊት ወረቀቱ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ደግ ነው። እዚህ በእናንተ ጸሎት ቤት በር ላይ ቆመው የሚገባውን የሚወጣውን የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ጀማል ባለሱቁም አይቷል። ደግሞም ያንተ ፖስታ ተከፍቶ የታሸገ ነው። ሙጫው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ወደ ቢጫ የሚያደላ። ማን እንደሚያነበን ሳናውቅ ብዙ ባንጽፍ መልካም ነው።

አባትህ ጅማ ሄደ፣ ጅማ ሞተ። ዘመኑ አርባ ሰባት ይመስለኛል። ንዳድ ነው ያሉት። በወረቀቱ ላይ ይህን ጻፍና ሌላ አትጨምር። በሰባት ደቂቃህም ስለ ራስህ ተናገር፤ የጠራህ አንተን እንጂ አባትህን አይደለም።

ሹራብህን ሳትለብስ አትውጣ።

አክስትህ
ዋጋነሽ

—

ናይሮቢ አጠገብ
ኅዳር 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ዋጋነሽ፤

የሩቁን ቅርብ የሚያደርግ አምላክ ደጃችሁን ይባርክ። ይህ ቅጠል ለእናቴ ነው፤ ሁለተኛው ለእርስዎ ብቻ።

እናቴ ሆይ፣ ቢስክሌት መንዳት ተምሬአለሁ። ወደ መንደር የምንወጣው በቢስክሌት ነው፤ ጓደኛዬ ከታንዛኒያ የመጣ ረጅም ልጅ ነው፣ ስሙን በትክክል ስጠራለት አንድ ወር ፈጀብኝ፤ እሱ ደግሞ የእኔን «ጋሜዳ» ይላል። ባለፈው ሰኞ ቁልቁለቱ ላይ ልጓሙ ጠፍቶኝ ከነሥዕሌ የሻይ ማሳ ውስጥ ገባሁ። ሻይ የሚለቅሙት ሴቶች መጽሐፌን ሰብስበው እየሳቁ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ሳልፍ ያውቁኛል፤ ሁለቱ እሑድ ጸሎት መጥተዋል። ስለዚህ መውደቄም አገልግሎት ሆኗል።

(ሁለተኛ ቅጠል)

አክስቴ ሆይ፣ ፖስታው ሁለት ጊዜ የታሸገው፣ የምጨምረው ትዝ ብሎኝ እኔው ስለከፈትሁት ነው። ሰላይ አይደለም። ግን እርስዎ ሙጫ የሚመረምሩ ከሆነ እኔ ቃል ብመረምር አይክፋዎ።

ልጅ ሳለሁ «አባትህ ጅማ ሚስት አግብቶ ቀረ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። በበርሜሉ አጠገብ ልብስ እያጠቡ ነበር፤ ቦታው ሳይቀር ትዝ ይለኛል። አሁን ደግሞ ንዳድ ገደለው ይላሉ። ሞቶ ከሆነ መርዶውን ማን ነገራችሁ? ድንኳኑ የት ተተከለ? እናቴ ከል ለብሳ አላየሁም። እርስዎም አንድ ወንድም ብቻ ነበረዎት፤ ለእሱ ሲያለቅሱ አላየሁም። በእኛ አገር ጎረቤት ቢሞት እንኳ ሦስት ቀን ይለቀሳል።

ሌላም አለ። እዚህ ስማችን ሲጠራ አቶ ኃይለመስቀል «ገሜዳ ቀጄላ» የሚለውን ሰምተው ዘወር ብለው አዩኝ። ከዚያ በኋላ ሻይ ስንጠጣ መጥተው፣ «አባትህ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው? ማጭድ የቆረጠው?» አሉኝ። አላውቅም አልሁ። ፎቶግራፉን እንኳ አላየሁም። አክስቴን እጠይቃለሁ አልኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ሲያዩ መንገድ ይለውጣሉ።

ነበረው ወይስ አልነበረውም?

ገሜዳ

—

ኮልፌ
ታኅሣሥ 2 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለገሜዳ፤

አምላክ ልቡናህን ያረጋጋልህ። እኛ ደህና ነን። መልሴ የዘገየው ጉንፋን አሞኝ ነው።

በቅንድብ ጠባሳ ሰው አይታወቅም። ማጭድ ያልቆረጠው የገጠር ልጅ የት ይገኛል? የማታውቀው ሽማግሌ ስለ አባትህ መልክ ሲጠይቅህ፣ አንተ መልሰህ እሱ ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነበረብህ። ሰው አገሩን ለቆ ሲወጣ ዘመድ ነኝ፣ አውቅሃለሁ የሚል ይበዛበታል። ከሽማግሌው ራቅ።

ስላላለቀስሁት የጻፍኸው ግን ልክ አይደለም። ልቅሶ ሁሉ ድንኳን አይተከልለትም።

ከእንግዲህ ሁለት ቅጠል አትላክ። እናትህ ማንበብ አትችልም እንጂ መቁጠር ትችላለች፤ ከጌሾዋ አንድ እስር ቢጎድል ታውቃለች። የቢስክሌቱን አንብቤላት ስጨርስ፣ «ሁለት ወረቀት ነበር፤ አንዱን አነበብሽ» አለችኝ። ሁለተኛው የሃይማኖት ነገር ነው አልኋት። አየችኝና፣ «የሃይማኖቱን ስታነቢ ከንፈርሽ ደረቀ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መጥታ አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነው የምታነጋግረኝ።

ዋጋነሽ

—

ናይሮቢ አጠገብ
ታኅሣሥ 10 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ዋጋነሽ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ጠባሳ ነበረው ወይስ አልነበረውም ብዬ ነበር የጠየቅሁት። አልነበረውም አላሉኝም።

አቶ ኃይለመስቀልን እንደመከሩኝ ማን እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ዘነበወርቅ፣ የሥጋ ደዌ በሚታከምበት ሆስፒታል፣ የሕሙማን ቁስል የሚያጥቡና ማንበብ መጻፍ ለማይችሉት ደብዳቤ የሚጽፉ ነበሩ። ቀጄላ የሚባል፣ ግራ ቅንድቡ የተቆረጠ ሰው ወደ ኮልፌ፣ ለሚስቱ ለደሜ፣ ለእናቴ፣ ደብዳቤ አስጽፏቸዋል። ምን ይላል ብዬ ለመንኋቸው። «የሕመምተኛ ቃል የእኔ አይደለም፤ ለደረሰው ሰው ነው» አሉኝ። ከዚያም፣ «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በቤታችሁ ደብዳቤ የሚያነበው ማን ነበር?» አሉ።

የእርስዎን ስም ነገርኋቸው። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ።

ዘነበወርቅ ከቤታችን በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። «ጣትህን ከፊደሉ ሥር አድርግ፣ መዝለል ያምርሃል» እያሉ እጄን ይዘው ይመልሱኝ ነበር። አሁን እኔ እንዲሁ እልዎታለሁ።

ምስክርነቴ ጥር 2 ቀን እሑድ ነው። ከአሥራ አንድ አገር በመጣ ሰው ፊት ቆሜ ስለ አባቴ እናገራለሁ። እስከዚያ ከእርስዎ ምንም ካልደረሰኝ የማውቀውን እናገራለሁ፤ የማውቀውም አባቴ ጥሎን እንደሄደ ነው።

ገሜዳ

—

ኮልፌ
ታኅሣሥ 24 ቀን 1963 ዓ.ም.

ገሜዳ፤

በዚህ ደብዳቤ ላይ ሰላምታ አልጽፍም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስታነብ ይገባሃል።

የመጨረሻው ደብዳቤህ ለእኔ አልደረሰኝም። ፖስታው ጀማል ሱቅ ሲደርስ እናትህ እዚያ ነበረች፤ ተቀበለችና ለእኔ ከማምጣት ይልቅ ጀማልን አንብብልኝ አለችው። ጀማል ጥቂት አንብቦ አጥፎ መለሰላት። ከዚያ እኔ ጋ መጣች። እኔ በረንዳ ላይ ጥጥ እፈትል ነበር። አልተቀመጠችም።

«ጀማል ጥቂት አንብቦ ተወው» አለችኝ። «'እትዬ ደሜ፣ ይኼ የቤተ ዘመድ ነገር ነው፣ ለእሳቸው ይውሰዱላቸው' አለኝ። እስኪ አንብቢው። ስታነቢ አይሻለሁ።»

አነበብሁ። ምንም አልዘለልሁም። «ዘነበወርቅ» የሚለው ላይ ስደርስ እናትህ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እስከ መጨረሻው አንብቤ ጨረስሁ።

«ደብዳቤው የታለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«የት?»

«እዚሁ፣ ሳጥኔ ውስጥ።»

«አሥራ ስምንት ዓመት እዚሁ ነበር?» አለች። አዎ አልኋት።

ለእሷ የነገርኋትን ለአንተም እጽፍልሃለሁ።

እኔ የተማርሁት ለብቻዬ ነው። ባሌ ዱባለ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከገበያ የፊደል ገበታ ገዝቶልኝ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁት፤ ጥጥ እየፈተልሁ በዓይኔ ስከተለው ከረምሁ። ከዚያ ዳዊት ገዛልኝ። ታትሞ የወጣ ነገር ማንበብ ቻልሁ። የእጅ ጽሕፈት ግን አላውቅም ነበር፤ የሰው እጅ ፊደሉን ያጎብጠዋል፣ ያያይዘዋል። ሰፈሩ ይህን ልዩነት አያውቅም። ዳዊት ካነበበች ደብዳቤ እንዴት ያቅታታል ብለው ያመጡልኝ ጀመር። አልችልም ማለት አፈርሁ። ሴት አንባቢ በሰፈሩ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ በመንገድ ሳልፍ ሰው ይነሣልኝ ነበር።

ደብዳቤ ደግሞ አጀማመሩ ሁሉም አንድ ነው። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል። ያንን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከሰላምታው በታች ያለውን በግምት እለው ነበር። ንግድ ደህና ነው፣ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ እነ እገሌን ሳሙልኝ። ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል። አንድም ሰው ተመልሶ እንዲህ አይልም ነበር ያለኝ የለም። ማን ተመልሶ ሊያይ?

የወንድሜ ደብዳቤ የመጣው በአርባ አምስት፣ በግንቦት ነው። ቤቱ ጎረቤት ሞልቶት ነበር፤ አንተ እናትህ ጉልበት ላይ ነበርህ። ወረቀቱን ስዘረጋ ጽሕፈቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ያወቅሁት ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ «ደሜ»፣ «ልጄን»፣ «ቅዳሜ»። ሰላምታውን እንደ ልማዴ አልሁት። ቀጥዬ፣ ጅማ በደህና ገብቻለሁ፣ የቅዳሜው ገበያ ጥሩ ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ፣ ልጄን ሳሚልኝ ይላል አልሁ። እናትህ ወዲያው ሳመችህ። ሰዉ እልል አለ።

ሁለት ዓመት ቆይቼ የእጅ ጽሕፈት ለመድሁ። ከጀማል አባት ሱቅ ቅመም ተጠቅልሎበት የሚመጣውን የሰው ማመልከቻና ውል እየፈታሁ ነው የለመድሁት። አንድ ቀን ያንን ደብዳቤ ከሳጥን አወጣሁት። እንደተጻፈ እገለብጥልሃለሁ፤

«ለባለቤቴ ለደሜ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል። እኔ ደህና አይደለሁም። ጅማ አልሄድሁም፤ ዘነበወርቅ ነኝ። ገላዬ ላይ የወጣውን አይተሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ሸሸሁ። መድኃኒት አለው ይላሉ፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ላይሽ እፈልጋለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ፣ ካልሆነልሽ በሌላው ቅዳሜ፣ ልጄን ይዘሽ ነይ። በሩ አጠገብ ካለው ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ነጭ ጋቢ ለብሼ እቆማለሁ። መቅረብ ከፈራሽ ከመንገዱ ማዶ ሆነሽ ልጁን ብቻ አሳዪኝ። ካልመጣሽ አልቀየምሽም፤ እንደተጸየፍሽኝ አውቄ ሁለተኛ አልጽፍልሽም። ዋጋነሽ ታንብብልሽ። እሷ እኅቴ ናት፣ ለሌላ ሰው አታሳዪ።»

በማግሥቱ ሄድሁ። ከሞተ አራት ወሩ ነበር። በሩ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት አወቀችው። ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋቢውን አጥቦ ለብሶ ዛፉ ሥር ይቆም ነበር አለችኝ፤ ማንን ትጠብቃለህ ሲሉት ማንንም ይላል አለችኝ።

ልነግራት ብዬ ነበር የተመለስሁት። መንገድ ላይ የማስበው ግን ስለ አንተ ሆነ። የዘነበወርቅ ሰው ልጅ ከተባልህ ማን አብሮህ ይጫወታል፣ ነገ ማን ልጁን ይድርልሃል እያልሁ መጣሁ። ለልጁ ብዬ ነው እያልሁ ራሴን ሸነገልሁ። እውነቱ እሱ አልነበረም። ማንበብ ሳትችል ነው ስታነብልን የነበረው እንዳልባል ነው። እናትህ ከመጠበቅ ትገላገል ብዬ ሚስት አግብቷል ያልሁትም እኔ ነኝ።

የፈረንጆቹን ወረቀት፣ ሽማግሌውን፣ ሙጫውን ሁሉ ስጠረጥር የቆየሁት የሚጠረጠረውን ስለማውቀው ነው።

እናትህ ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ ብብቷ ከተተችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ወጣች። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ደጇ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ጎረቤቱ ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል፣ ባሌ ትላለች፣ መቼ ሲሏት ወደ ልቅሶዋ ትመለሳለች። እኔ ከድንኳኑ ውጭ እቆማለሁ። ግቢ ያለኝ የለም፣ ሂጂ ያለኝም የለም።

ይህ ከእሑድ በፊት እንዲደርስህ ጀማል ራሱ ዋናው ፖስታ ቤት ይዞት እንዲሄድ ለምኜዋለሁ። አባትህ አልጣለህም።

ዋጋነሽ

—

ናይሮቢ አጠገብ
ጥር 8 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዋጋነሽ፤

ደብዳቤዎ ሐሙስ ደረሰኝ። ምስክርነቴን የሰጠሁት እሑድ ነበር።

«አባቴ እኔን በእናቴ ጉልበት ላይ ትቶ ሄደ፤ እኔ ግን ይቅር ብየዋለሁ» አልሁ። በስድስት ደቂቃ ጨረስሁ። ብዙ ሰው አለቀሰ። የታንዛኒያው ጓደኛዬ አቀፈኝ። አስተማሪው እጄን ጨብጦ ይህን በመጽሔታችን እናወጣዋለን ብሎ ጽሑፌን ወሰደ። አቶ ኃይለመስቀል ግን መሐል ላይ ተነሥተው ከአዳራሹ ወጥተዋል። እኔም አይቻለሁ፤ አይቼ ነው የቀጠልሁት። ያንን ማወቅ አለብዎ፤ ስናገር ጥርጣሬ ነበረኝ፣ የሚያምረውን መረጥሁ።

ሐሙስ ወደ አስተማሪው ሄጄ ጽሑፌን መልስልኝ አልሁት። ለምን፣ በጣም ያማረ ነው አለኝ። ያማረ ነው፣ እውነት ግን አይደለም አልሁት። ደብዳቤውን ተርጉሜ አሳየሁት። ሰዓቱን እያየ ሳይሆን፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አነበበው፤ ከዚያም ወረቀቴን ቀደደልኝ።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ተነሥቼ የአባቴን ቃል አነበብሁ። በአማርኛ አንብቤ በእንግሊዝኛ እላለሁ። «ከመንገዱ ማዶ ሆነሽ» የሚለው ላይ ስደርስ አልቻልሁም። አቶ ኃይለመስቀል ከተቀመጡበት፣ ወረቀት ሳያዩ፣ «ልጁን ብቻ አሳዪኝ። ካልመጣሽ አልቀየምሽም» ብለው እስከ መጨረሻው ጨረሱት። አሥራ ስምንት ዓመት በቃላቸው ይዘውታል። ማንም አላጨበጨበም።

በኋላ ሄጄ ለምን አስቀድመው አልነገሩኝም አልኋቸው። «የደረሳት ሴት አንብባ ንቃው ይሆናል ብዬ እሷን ስኮንን ነው የኖርሁት» አሉኝ። እናቴን ማለታቸው ነው። ይህንን ለእናቴ እንዲያነቡላት እፈልጋለሁ፣ ሽማግሌው ይቅርታ ይጠይቋታል።

እኔ ሦስት ወር ሙሉ ስለ ይቅርታ ተምሬአለሁ። የነበረኝን ላልበደለኝ ለአባቴ አድርጌ ጨርሻለሁ፤ ለእርስዎ የሚሆን አሁን በእጄ የለም። ሲኖረኝ እውነተኛ እንዲሆን ስለምፈልግ አለ ብዬ አልጽፍም።

እስክመለስ ድረስ ከራስዎ አይጻፉልኝ። እናቴ የምትለውን፣ እሷ እንዳለችው ብቻ ይጻፉልኝ። ከመላኩ በፊትም ጀማል ያንብብላት።

ገሜዳ ቀጄላ

—

ኮልፌ
ጥር 24 ቀን 1963 ዓ.ም.

ልጄ ገሜዳ፤

ይህ የእናትህ የደሜ ቃል ነው። ጸሐፊዋ ዋጋነሽ ናት።

እንደምን ሰነበትክ። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ግን በልቼ አድራለሁ። አባትህም ደህና አይደለሁም ብሎ ነው የጀመረው። ከእንግዲህ በቤታችን ደህና ያልሆነ ሰው ደህና ነኝ አይልም።

ለአባትህ ሦስት ቀን ተለቅሷል። መጀመሪያ ሰው ሞልቶ ነበር። ዘነበወርቅ የሚለውን ሲሰሙ አንዳንዱ ነጠላውን ሰብስቦ ሄደ። እሙ ገበያ ላይ መደቧን ከእኔ አርቃ ዘረጋች። ተያት። ጀላል ጫማ ሰፊው፣ በወሬ እንኳ የማንተዋወቀው፣ ሦስቱንም ቀን ተቀምጦ ዋለ፤ ለምን ብለው አጎቴም እዚያው ነበር አለኝ።

ቅዳሜ ዕለት ይቺን ሴትዮ ነይ ውሰጂኝ አልኳት። በአየር ጤና በኩል በእግር ሄድን። አውቶቡስ ነበረ፤ እኔ ነኝ በእግር ያልኩ፣ ስንት እንደሚርቅ ልወቀው ብዬ። አይርቅም ልጄ። ጌሾ ተሸክሜ ከዚያ የበለጠ ሄጃለሁ።

በሩ አጠገብ ትልቅ ባሕር ዛፍ አንድ አይደለም፣ ስድስት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የቆሎዋ ሴትዮም ሞታለች። እኔ አንዱን መረጥኩ። ይኼ ነው አልኩ፤ ማን አይደለም ይለኛል። መጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ከዚያ ተሻግሬ ዛፉ ሥር ቆምኩ። ከዚያ አንብቢ አልኳት። ጣትሽን ከፊደሉ ሥር አድርጊ አልኳት፤ ልጄን እንደዚያ ስታስተምሪ አይቻለሁ። አደረገች። አንብባ ስትጨርስ ድገሚ አልኳት። ፀሐይ ከአናት እስክትደርስ አነበበችልኝ። «ደሜ» የሚለው የቱ ጋ እንደሆነ አሁን ሳላነብ አውቀዋለሁ፤ ከላይ አንድ ጊዜ ነው ያለው።

ሽማግሌው ይቅርታ የጠየቁት ተነበበልኝ። እሳቸው ምን አጠፉ? የተባሉትን ጻፉ። ንገራቸው።

ስለዚህች ሴትዮ የምለው አለኝ። ጻፊው ብያታለሁ። አልማርኳትም። እኔ እንደተጸየፍኩት አድርጎ አስቦኝ ነው የሞተው። ክረምት በወጣ ቁጥር የጅማ መንገድ ሳይ የኖርኩት በእሷ ነው። ይህን ስላት ብዕሩን አስቀመጠች፤ ብዕሩን አስቀመጥኩ ብለሽ እሱንም ጻፊ አልኳት።

አንተ ጀማል ያንብብልሽ አልክ። ጀማል ይህን አይቶ ይፈርምበታል። ያንተን ደብዳቤ ግን ከእንግዲህም የምታነብልኝ እሷ ናት። ለምን ብትል፣ ሌላ ሰው ሳያውቀው ሊሳሳት ይችላል። እሷ አንድ ቃል መዝለል ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። አጠገቤ ተቀምጣ ጣቷን ከሥሩ አድርጋ ታነባለች፤ እኔም ጣቷን አያለሁ። እስክሞት እንደዚያ ነው። ይኼ ይቅርታ አይደለም፣ ይቅርታ ብላ እንዳትጽፍብኝ።

መምጫህን ጻፍልኝ። ቅዳሜ ቢሆን ደስ ይለኛል።

እናትህ ደሜ

እኔ ጀማል፣ ባለሱቁ፣ ከላይ የተጻፈውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእትዬ ደሜ አንብቤላቸዋለሁ። እትዬ ዋጋነሽ ከበሩ ውጭ ቆመው ይሰሙ ነበር። እትዬ ደሜ፣ አንድ ቃል አልተጨመረም፣ አንድ ቃል አልጎደለም ብለዋል።